በሌሊት የተቆፈረ ጎደሬ

ፓርስኒፕ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ፍራንክፈርት፣ ሰፈሬ ያለው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ካሮት መስሎኝ ነበር፤ የታመመ ካሮት። ነጣ ያለ፣ አናቱ ላይ ወፈር ብሎ ወደ ታች እንደ አይጥ ጅራት እየቀጠነ የሚሄድ። ጀርመኖቹ "ፓስቲናከ" ይሉታል። ርካሽ ስለነበር ገዛሁት። ተማሪ ሆናችሁ ሰው አገር ስትኖሩ የምትበሉትን የሚመርጥላችሁ ዋጋው ነው።

አሁን ግን ብርዱ በገባ ቁጥር ፈልጌ ነው የምገዛው። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጣጩን ሳሳ አድርጋችሁ ትልጣላችሁ፤ ወፍራም ከሆነ መሃሉ ላይ እንጨት እንጨት የሚለውን ክፍል አውጡት። ጣት ጣት አሳክላችሁ ትቆርጡና ከካሮትና ከድንች ጋር በዘይትና በጨው ታሹታላችሁ። ቀይ ሥር ካላችሁ ወደ ዳር ለብቻው አድርጉት፣ አለበለዚያ ሁሉንም ያቀላዋል። ኦቨኑ 200 ዲግሪ ይሁን። ትሪው ላይ አትደራርቡት፤ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ግማሽ ሰዓት ከምናምን በኋላ ጫፉ ቡናማ ሲል እኔ በርበሬና ትንሽ ማር ጣል አደርግበታለሁ። በቃ።

ይህ ሥር ውርጭ ካልመታው በደንብ አይጣፍጥም። ብርድ ሲያገኘው ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ በረዶ እንዳይሆን ይረዳዋል። ስኳር የሀብታም ዕቃ በነበረበት ዘመን አውሮፓውያን ምግብ ያጣፍጡበት ነበር። ከዚያ ድንች መጣ፣ ስኳሩም ረከሰ፣ ፓርስኒፕ ተረሳ። እዚህ ላይ "ውርጭ ሥሩን እንደሚያጣፍጥ መከራም ሰውን ያጣፍጣል" ብዬ ብጽፍ ደስ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። አልጽፍም። እናቴን ውርጭ መቷታል፤ ስለዚያ ወቅት ስታወራ ምንም ጣፋጭ ነገር አይወጣትም።

እናቴ ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ልትጠይቀኝ መጣች። የመጀመሪያ ሳምንት ፓርስኒፑን ሠራሁላት፤ "ስኳር ድንች ስኳር ድንች ይላል፣ ደህና ነው" ብላ በላች። እኔ ታዲያ ተበረታታሁ። ባቡር ጣቢያው አካባቢ የአፍሪካና የእስያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ አንዱ ጋ ገብቼ ጎደሬ አገኘሁ። ጎደሬ! ኪሎው ከፓርስኒፑ እጥፍ በላይ ነበር። እናቴ ወላይታ ገጠር ነው ያደገችው፤ ጓሯቸው ጎደሬ እንደነበረ አውቃለሁ። እሷን ላስደስት ብዬ ቀቅዬ፣ ቆራርጬ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ጠብሼ አቀረብኩላት። ፎቶም አንስቼዋለሁ፤ ልፖስተው ነበር።

አየችው። "ይሄ ጎደሬ ነው?" አለች።

"አዎ እማዬ፣ ያንቺ አገር ምግብ። እስቲ ቅመሺው።"

"አልበላም" አለችና ሳህኑን በሁለት ጣቷ ወደኔ ገፋችው። ተነስታም ወደ መኝታ ቤት ገባች።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቀላል ነበር፦ የድህነት ምግብ ስለሆነ አፈረችበት። ይህን አይነቱን ነገር ከሌላ ሰውም አይቼዋለሁ። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጀርመናዊ እናት ይኖራሉ። አንድ ጊዜ የሥራሥር ሾርባ ይዤላቸው ወርጄ "ሽቴክሩበ አለበት?" ብለው ጠየቁኝ። ሽቴክሩበ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ከጥቅል ጎመን ዘር የሆነ ሥር ነው። አለበት ስላቸው በትሕትና መለሱልኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 እ.ኤ.አ. መኸር የድንች ምርት ሲበላሽ ጀርመኖች ክረምቱን ያለፉት በዚህ ሥር ነው፤ ዳቦው እሱ፣ ማርማላታው እሱ፣ የቡናው ምትክ እሱ። ወቅቱ እስካሁን "የሽቴክሩበ ክረምት" ይባላል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላም ረሃቡ ሲመለስ ሥሩም ተመለሰ፤ ጎረቤቴ ሕፃን ሆነው የቀመሱት ያኔ ነው። "ሕይወቴን አትርፎልኛል፣ ግን ሁለተኛ አፌ አይገባም" አሉኝ። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር።

እንግዲህ ለብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ያዳነንን ምግብ መጥላት ውለታ ቢስነት ነው? ሰው ቢሆን ኖሮ፣ በክፉ ቀን ያበላንን ሰው በደህና ቀን ዞር ብለን ብናልፈው፣ ነውር ነው እንላለን። ለሥር ግን ውለታ የለብንም፤ ሥር አስቦ አላበላንም። ታዲያ ለምንድን ነው ጎደሬ የሚናቀው፣ ጤፍ የሚከበረው?

ቋንቋችንን ተመልከቱት። "እህል አልቀመስኩም" ስንል ምግብ አልበላሁም ማለታችን ነው። "እህል ውሃ" ስንል ኑሮ፣ ትዳር፣ ዕጣ ፈንታ ሁሉ ይገባበታል። ጠዋት ሁለት ኪሎ ጎደሬ የበላ ሰው እህል አልቀመሰም። ሥራሥር ደግሞ በአማርኛ ታሪኮች ውስጥ የሚበላው ሁለት ቦታ ነው፦ ረሃብ ሲገባና ባሕታዊ ሲመንን። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ "ክፉ ቀን" በተባለው ረሃብ፣ ሰው ከጫካ ሥር እየማሰ በላ። በዋልድባ ገዳም ደግሞ እህል አይበላም፤ መነኮሳቱ ቋርፍ ነው የሚመገቡት። ሁለቱም ሥር ይበላሉ፤ አንዱን እናዝንለታለን፣ የአንዱን እግር እንስማለን። ልዩነቱ ምርጫ ነው። መነኩሴው እህሉን ትቶ ነው የሄደው፤ ገበሬውን እህሉ ነው ትቶት የሄደው። እኔ ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ ሥራሥር በትሪ ደርድሬ ፎቶ ሳነሳ፣ ሳላውቀው ራሴን ከመነኩሴው ወገን አድርጌ ነበር። እናቴን ከማን ወገን እንዳስቀመጥኳት አላሰብኩም።

ግን ሥር ሁሉ የተናቀ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ወለጋ አንጮቴ ለመስቀል በዓል በቅቤ ተሠርቶ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ቡላ በአዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥ የጠየቀ ያውቃል። ድንች ራሱ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በኩል ገባ የሚባል እንግዳ ነው፤ ዛሬ የአበሻ ድንች ወጥ እያልን እንበላዋለን። ስለዚህ ነውሩ ሥሩ ውስጥ የለም። ከየት መጣ?

ጄምስ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ ምሁር (በ2024 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው) ስለ እህልና ስለ መንግሥት በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ይላል። የጥንት መንግሥታት የተመሠረቱት በእህል ላይ ነው፤ ምክንያቱም እህል ከመሬት በላይ ይታያል፣ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ይሰፈራል፣ ይጫናል፣ ይከማቻል። ለግብር ሰብሳቢ የተፈጠረ ይመስላል። ሥር ግን ከመሬት በታች ነው። ባለቤቱ ሲፈልግ ትንሽ ትንሽ ያወጣዋል፣ ስንት እንዳለው ማንም አያውቅም። ይህን ሳነብ ጭቃ ሹሙ አውድማ ላይ ቆሞ አስራቱን ሲያሰፍር ታየኝ። ጤፉ ተወቅቶ እዚያው ክምር ነው፤ የት ይደበቃል? ጎደሬ ላይ ግን ምን ያሰፍራል? ጓሮ ገብቶ ይቆፍር? እህሉ የተከበረው፣ ሥሩ የተናቀው፣ አንዱ ቤተ መንግሥት መድረስ ስለሚችልና ሌላው ስለማይችል ይሆን?

ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልዋጠውም። ወላይታም ካፋም በእንሰት ምድር ላይ የቆሙ፣ ንጉሥ የነበራቸው መንግሥታት ነበሩ። በኋላም ደቡቡ በምኒልክ ጦር ሲያዝ እንሰቱ ማንንም ከገባርነት አላዳነም፤ የሚሰፈር እህል ባይኖር የሚታዘዝ ጉልበት ነበር። ቢሆንም የስኮት ሐሳብ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሥር ማለት የተደበቀ ምግብ ነው፣ የተደበቀ ምግብ ደግሞ ነፃነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። እንዲያውም ለእናቴ ላወራላት ጓጓሁ። የተናቀው ጎደሬሽ እኮ የነፃነት ምግብ ነው ልላት።

ነገርኳት። ጎደሬውን ከገፋችው ሦስት ቀን በኋላ፣ ማታ ዕቃ እያጠብን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ጨርሼ ሳልጨርስ "አዎ፣ አይታይም" አለች። "እኛም ያተረፈን አለመታየቱ ነው።"

የነገረችኝ ይህን ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በቆሎው ደርቋል፣ ስኳር ድንቹ ደርቋል። የእነሱ ጓሮ ግን ምንጭ ያለበት ረግረግ ጥግ ነበረው፤ እዚያ ያለው ጎደሬ ቅጠሉ ጠውልጎ ቢወድቅም ሥሩ መሬት ውስጥ ደህና ነበር። አያቴ ቀን ቀን አትነካውም። ጎረቤት እንዳያይ ሌሊት ተነስታ፣ በባትሪም በኩራዝም ሳይሆን በእጇ እየዳበሰች ትቆፍራለች፤ ጉድጓዱን መልሳ ደፍና ደረቅ ቅጠል ትበትንበታለች። እሳቱንም ሌሊት ነው የምታነደው። ጎደሬ ደግሞ ቸኩለው የሚበሉት ነገር አይደለም፤ ውስጡ እንደ መርፌ ቀጫጭን የሆኑ ክሪስታሎች አሉት፣ በደንብ ካልበሰለ አፍና ጉሮሮን ይበላል። እንጨት ለመቆጠብ ሲባል በግማሹ ያወጡት ቀን እናቴና ወንድሟ ጉሮሯቸውን እያከኩ አደሩ። ማልቀስ ግን አልተፈቀደም። ድምፅ ከወጣ "ምን በልተው ነው?" ይባላል።

"የጎረቤት ልጆች ይመጡ ነበር" አለች። "እኩያዬ የሆነች አንዲት ልጅ ነበረች። በር ላይ ትቆምና ታሸታለች። እናቴ 'ምንም የለም፣ ሂጂ' ትላታለች። እኔ ከኋላ ሆኜ አያታለሁ። አፌ ውስጥ አለ።"

ሳህን ይዤ ቆምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ድህነት ኀፍረት ሳስብ ነበር። እናቴ በድሃነቷ አላፈረችም፤ ሰፈሩ ሁሉ ድሃ ነበር። ያ የምኮራበት ነገር፣ ሥሩ መደበቁ፣ ከሹም እንደሚሰውረው ከልጅም ይሰውረዋል። አውድማ ላይ ያለ ክምር ንጉሥ ያየዋል፣ ግን ጎረቤትም ያየዋል፤ ያየም ይለምናል፣ የተለመነም መልስ መስጠት አለበት። መሬት ውስጥ ያለ ግን "ምንም የለም" ለማለት ይመቻል።

አያቴ ያኔ እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ ብዙ አትበልጥም ነበር። አጥፍታለች? ፒተር ሲንገር የሚባለው ፈላስፋ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ ረሃብ በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ኩሬ ውስጥ እየሰመጠ ያለ ሕፃን ካየህ፣ ልብስህ ቢበላሽም ገብተህ ማውጣት አለብህ ይላል። ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ነገር ሳታጣ መከላከል የምትችለውን ክፉ ነገር ተከላከል ነው መርሁ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ስማረው ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አያቴ ግን ራሷ ኩሬው ውስጥ ናት፣ ሁለት ልጆች ትከሻዋ ላይ ይዛ። ለሦስተኛዋ እጇን ብትዘረጋ ሁለቱ ይንሸራተታሉ። ወይም ላይንሸራተቱ ይችላሉ፤ ችግሩ እሱ ነው። አንድ ጉማጅ ጎደሬ ለዚያች ልጅ ቢሰጥ እናቴ ትሞት ነበር ወይ? ምናልባት አትሞትም። ነገ ግን ልጅቷ እናቷን ይዛ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ መንደሩ ይመጣል፣ ሳምንት ሳይሞላ ጥጉ ባዶ ይሆናል። አያቴ ይህን ሒሳብ ሌሊት ሌሊት ስታሰላው እንደነበር አልጠራጠርም።

እኔ አልፈርድባትም። የምለው ግን፣ "አልፈርድባትም" ማለት ለእኔ በጣም ቀሏል። በዚያ በር መዘጋት የተገኘሁ ሰው ነኝ፤ ዳኛም ተጠቃሚም መሆን አይቻልም። "ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?" ብዬ ስጠይቅ ድምፄ ውስጥ የጠበቃ ድምፅ እሰማለሁ። እናቴ እንደዚህ አይነት ጥብቅና አልፈለገችም። አርባ ዓመት ሙሉ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጎደሬ አለመብላት። ከዚያ በፊት ያላስተዋልኩት አንድ ነገርም ትዝ አለኝ። ቤታችን ምግብ ሲቀርብ በሩ ገርበብ ይላል፣ ማንም ሲያልፍ "እንብላ" ይባላል፤ እኔ ደግነት፣ ከዚያም አልፎ የሚያሰለች የገጠር ልማድ ይመስለኝ ነበር። ምን እንደሆነ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ፎቶውን አጠፋሁት። ማንም ምንም ስላለኝ አይደለም፤ ከሥሩ የምጽፈው ጽሑፍ ጠፋኝ።

ያን ዕለት ማታ ዕቃው አልቆ መብራቱን ላጠፋ ስል "እማዬ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆነች?" አልኳት።

"ሄዱ።"

"ወዴት? ሰፈራ ነው?"

"ሄዱ አልኩሽ እኮ" አለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ኦቨኑ ዞረች። "ይሄን ነገር አጥፍተሽዋል? ኋላ ያቃጥለናል።"