ራሱን የቻለ ሰው ማን ነው?

በአገራችን አንድ ጎልማሳ ከአባቱ መሶብ ተለይቶ፥ ጎጆ ወጥቶ፥ በገዛ ምድጃው ላይ እሳት ሲያነድ ዘመድ ወዳጁ «ራሱን ቻለ» ይለዋል። ቃሉ ምስጋናም ምርቃትም አለበት። ነገር ግን «ቻለ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች ያለው መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ አንደኛው ለመሥራት ኀይል አገኘ ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው ሸክምን ተሸከመ፥ ታገሠ ማለት ነው። በሁለተኛው ፍች ከሄድን ራሱን የቻለ ሰው የራሱን ሸክም በራሱ ትከሻ የተሸከመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእውነት ይገኛልን? ቢገኝስ ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው እርሱ ብቻ ነውን? ሰው እንጀራውንና ወጡን ከየት እንዳገኘ ሳይመረመር ስለ ነጻነቱ መናገር ባዶ ነገር ስለ ሆነ፥ ጥያቄውን ከጓሮ ብንጀምረው ይሻላል ብለን አስበናል።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለውን ገበሬ እንመልከት። ይህ ገበሬ በሰው ፊት የሚመዘነው በእርሻው ነው። ስንት በሬ ይጠምዳል? ስንት ጥማድ መሬት ያርሳል? ጤፉና ስንዴው ስንት ጎተራ ሞላ? ተብሎ ይጠየቃል። እርሻው በግልጥ ቦታ ስለ ሆነ መንገደኛ ያየዋል፤ ጎረቤት ይቀናበታል፤ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌም ይቆጥረዋል። ጓሮው ግን ከቤቱ ኋላ ነው። እዚያ የሚገኘው ጎመንና ድንች፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ጥቂት እግር በቆሎ፥ አጥሩን ተንተርሶ የወጣ ዱባ፥ ለጠላ የሚሆን ጌሾ፥ ለሆድ ቁርጠት የሚሆን ጤና አዳም፥ ለምች የሚሆን ዳማ ከሴ ነው። ለዚህ ሁሉ ጎተራ የሚሠራለት፥ ቆጥሮም የሚመዘግበው የለም። ከምድጃው የወጣው አመድና ከጋጣው የተጠረገው ፍግ በየማለዳው ስለሚደፋበት አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ይህን የምትደፋው፥ የምትኮተኩተውና ዶሮውን እሽ እያለች የምትከላከለው በአብዛኛው የቤቱ እመቤት ናት። ባል በበሬ ሲያርስ ውሎ ሲገባ «ሲያርስ ዋለ» ይባላል፤ ሚስት በዶማ ስትቆፍር ብትውል ግን «ጓሮ ስትነካካ ዋለች» ይባላል እንጂ ለሥራዋ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። የዓምናው እህል ጎድሏል፤ የዘንድሮው ጤፍ ገና ቡቃያ ነው፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ሳይደርስ አይታሰብም። በእነዚያ ዝናማማ ወራት ብዙውን ቤት የሚያሳድረው ያ ያልተቆጠረው ጓሮ ነው። እንጀራው ሲሳሳ ጎመኑ ይበዛል፤ በነሐሴ መጨረሻም የጓሮው በቆሎ እሸት ይደርሳል። ከዚያ መስከረም ይጠባል፤ ሰውም «የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» ብሎ በደስታ ይጮኻል።

ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን ምን እንደሚል አናስተውለውም። ክረምቱን ሙሉ ነፍስ ያቆየው ምንቸት ከደጅ ይባረራል፤ በጭንቁ ጊዜ ያልነበረው ምንቸት ደግሞ በእልልታ ይገባል። ሰውን መውቀሳችን አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ጎመን የበላ ሰው ጎመን ቢሰለች፥ ገንፎም ቢናፍቅ ተፈጥሮው ነው፤ የራብን መታሰቢያ ከቤት ማስወጣትም መብቱ ነው። ዳሩ ግን «ጎመን በጤና» እያልን ራሳችንን የምናጽናናበት ቅጠል ጥጋብ ሲመጣ የድህነት ምልክት መሆኑ፥ እርሱን ያበቀለው ሥራም ከቅጠሉ ጋር መዋረዱ ሊያሳስበን ይገባል።

በዶማ መቆፈር እንዴት ይናቅ እንደ ነበረ ለማወቅ ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራውን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። በዚያን ጊዜ በገባው የከብት በሽታ በሬው አለቀና ማረሻው ከነቀንበሩ ተሰቀለ። ጎጃምም ከመከራው አላመለጠም። ሰፊ መሬት ያለው ጌታ በሬ ከሌለው ከድኻው የሚለይበት ነገር አልነበረም። መሬቱማ ነበረ፤ በእጅ መቆፈር ግን ለጨዋ ሰው ነውር ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ነውሩን ለማስቀረት ራሳቸው ዶማ ጨብጠው በሕዝብ ፊት መሬት ቆፈሩ። ታሪኩ ሲነገር የንጉሠ ነገሥቱ ትሕትና ይደነቃል፤ ይገባቸዋልም። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን፥ የአገሩ እናቶች በየጓሯቸው ሲያደርጉት የኖሩት ሥራ ክብር ያገኝ ዘንድ ዘውድ የጫነ ሰው እስኪሠራው መጠበቅ ማስፈለጉ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ወደ አገራችን አስገባው የሚባለው ድንችም በብዙ ገበሬ ዘንድ የተወደደው ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ነው። ዛሬ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ድንች የሚያድር ደገኛ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ጓሮ ያለው ሰው ራሱን ቻለ እንበልን? እንደዚያም ለማለት አያስደፍርም። የጎጃም ቤት የቱንም ያህል ቢሞላ ጨው ከጓሮው አብቅሎ አያውቅም። አሞሌው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይመጣ ነበር። በዐባይ አጠገብ የነበረው ታላቁ የባሶ ገበያም የደመቀው አንዱ አገር ያለ ሌላው መኖር ስለማይችል ነው። በዘመናችንም በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ በዘገየ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ሁላችን አይተናል። በሬ የራሱ፥ መሬትም በስሙ የተመዘገበለት፥ ጉልበቱም ያልደከመ ሰው ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ከረጢት ሲጠብቅ የዘር ወቅት ሊያልፍበት ሆነ። በዚያው ሰሞን ከቤቱ ኋላ ያለው ጎመን በአመድና በፍግ ብቻ ለምልሞ ነበር። የተከበረው እርሻ በሩቅ ሰው ሲታሰር፥ የተናቀው ጓሮ ማንንም አልጠበቀም። ጓሮ አገር ይቀልባል ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ቢኖር ጤፍ በስንት ቁና እንደሚዘራ የማያውቅ ሰው ነው።

ስለ ራስ መቻል ያስተማሩ ሰዎችም ብቻቸውን አልኖሩም። በሐዋርያት ሥራ ስሙ የተጠቀሰው የግሪክ ፈላስፋ ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ306 ዓመት ገደማ በአቴና አንድ የአትክልት ቦታ ገዝቶ ከወዳጆቹ ጋር በዚያ ይኖር ነበር፤ ትምህርት ቤቱም «አትክልቱ» ተብሎ ተጠራ። ራስን መቻል ታላቅ ሀብት ነው፥ በጥቂት ነገር የማይረካም በምንም አይረካም ብሎ አስተማረ። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ሲያሰኘው ድግስ እንዲያደርግበት ጥቂት አይብ ይልክለት ዘንድ ለወዳጁ ደብዳቤ ጽፎ ለምኗል። ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን የመነኮሳት አባት የአባ እንጦንስ ነገር ነው። አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደሚነገረው፥ እንጀራ በሚያመላልሱለት ሰዎች ላይ ሸክም ላለመሆን መቆፈሪያና ጥቂት ዘር አስመጥቶ በተራራው ግርጌ እህል ዘራ። ኋላ ግን እንግዶች እየበዙ ሲመጡ ከእህሉ አጠገብ ጥቂት አትክልት ተከለ፤ ያን አስቸጋሪ መንገድ ለመጡት ድካማቸውን እንዲያቃልልላቸው ነበር። እህሉን የዘራው ከሰው ላለመለመን ሲሆን፥ አትክልቱን የተከለው ለሰው ለመስጠት ነው።

የጎጃም ጓሮም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። «እትዬ፥ እስቲ ለቡናው አንድ ቀንበጥ ጤና አዳም» ተብላ የምትከለክል ሴት አላየንም፤ ዋጋ የምትጠይቅም የለችም። ከጎተራ እህል ለመበደር ግን ሽማግሌና ምስክር ያስፈልጋል። የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የሚዘረጋለት እንጀራ ብዙውን ጊዜ በዚያው ጎመን የተጠቀለለ ነበር። ዲማንና ዋሸራን ያስጠሩት ሊቃውንት በወጣትነታቸው ራሳቸውን ችለው አያውቁም፤ የሰው ቤት ቻላቸው እንጂ። የጎጃም ቅኔ በአኮፋዳ ያደገ ነው ብንል ሊቃውንቱ የሚቆጡን አይመስለንም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው በደመወዝ ስለምንኖረው ስለ እኛም ጭምር ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በየቤቱ ወተት፥ እንቁላልና ማር እንዲገኝ የሚያተጋ ነው፤ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ጎመን እንዲተክልም በየስብሰባው ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው። እኛ መምህራንና ጸሐፊዎች ግን አዳራሽ ውስጥ አጨብጭበን ወደ ቤት ስንገባ «ከዛሬ ጀምሮ ጓሮው ይልማ» ብለን ትእዛዝ ሰጥተን፥ እጃችንን ታጥበን ማዕድ የምንቀርብ ከሆንን፥ ቤታችን ራሱን የቻለው በማን ጉልበት ነው? ውኃው የሚቀዳው በማን ጀርባ ነው? ሪፖርት ሲጻፍ የለማው ካሬ ሜትርና የዶሮው ቁጥር ይሞላል፤ የቆፈረው ሰው ስም የሚሞላበት ሠንጠረዥ ግን አላጋጠመንም። ዶማ በተማረ ሰው እጅ ላይ አያምርም የሚል አስተሳሰብ ከክፉ ቀን ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎትም ገና አልሞተም። የጓሮ ሥራ ለሚስትና ለሠራተኛ ብቻ የተተወበት የቢሮ ሰው ቤት እንደ ጎጃሙ ጎተራ ባለቤት «ራሱን ቻለ» ሊባል የሚችለው ጎመኑን ሳንቆጥር ስንቀር ብቻ ነው።

በመስከረም የጎመን ምንቸት ውጣ ከተባለ በኋላ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ያውቃል። ምንቸቱ ከደጅ አያድርም፤ እመቤቲቱ ታጥበውና መልሳ ከጓዳ ታስቀምጠዋለች። ከጓሮው ጥግ ላይም ጥቂት እግር ጎመን ሳይቀጠፍ አድጎ፥ ቢጫ አበባ አውጥቶ ዘር እንዲይዝ ትተወዋለች። ዘሩ ሲደርቅ ትወቃውና በቅል ታኖረዋለች፤ ገሚሱ ለሚመጣው ክረምት ነው። ከቀረው ላይ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ቆንጥራ ትወስድና፥ ወቅጣ፥ ሊጡ እንዳይዝባት ምጣዷን ታስስበታለች።