የጾመኛ ጎመን የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀናት ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን እንተዋለን። ታዲያ የተውነው ነገር ለማን ይደርሳል?

እኔ በአዳማ ከቤታችን ጓሮ ጎመን እተክላለሁ። ሙቀቱ ስለሚያጠወልገው ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣዋለሁ። አንድ ቀን ባልቴቷ ጎረቤታችን «ዲያቆን፣ ለወጥ የሚሆን ትንሽ ቅጠል» አሉኝ። «ለጾሙ ያቆየሁት ነው እኮ» ብዬ መለስኳቸው። በሳምንቱ የሰሰትኩት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ። እኔም አልበላሁት፣ እርሳቸውም አልበሉት።

«ላቤን ያፈሰስኩበት የራሴ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ማጠጣቱ የእኔ ነው፤ ማብቀሉ ግን የእኔ አልነበረም። ጎመን እንኳ ጫፉ ሳይነካ የታችኛው ቅጠሉ ሲቀነጠስ ከላይ ሌላ ያወጣል። እኛ ግን ከሰጠን የሚያልቅብን ይመስለናል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እውነተኛውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ ማካፈልን ያነሣል። ጎመኑን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ አጣፍጦ መብላት ኃጢአት አይደለም። ከፍስኩ የተረፈውን ወጪ ለራሳችን ካስቀረነው ግን ወጡን ለወጥን እንጂ ምኑን ጾምነው?

ስለዚህ ዛሬ ድስት ስትጥዱ አንድ እፍኝ ጨምሩ። የማን ድርሻ እንደሆነም ከመጣዳችሁ በፊት ወስኑ። እኔ በማግሥቱ አዲሱን ቅጠል ይዤ የባልቴቷን በር አንኳኳሁ። «ግባ ልጄ» አሉኝ፤ ያለፈውንም አላነሡብኝም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።