ያልደረሰ ጉዳት በደል ነውን?



ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ በአዳራሹ ደጃፍ ቆመን ስንከራከር ያያችሁን አንዳንዶቻችሁ፣ «ስለ መኪና ጣራ ይህን ያህል መጨቃጨቅ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቃል ያልቋጨነውን በጽሑፍ እንሞክረው ብለን ይህችን አዘጋጀን። ክርክሩ የተነሣው በጣራው ምክንያት ስለ ሆነ እኛም ከጣራው እንጀምራለን።

እንደምታውቁት እኛ በዚህ በጀርመን አገር የምንማር ሦስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን አለችን። ቲ3 የሚባለው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው ዓይነት ናት። ውስጧን ለመኝታና ለማብሰያ ያዘጋጀው ቬስትፋሊያ ነው፤ ይህ ፋብሪካ በቪደንብሩክ ከተማ የቮልስዋገንን መኪናዎች እንዲህ ማሰናዳት የጀመረው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ጣራዋ ከፋይበርግላስ የተሠራ ክዳን ሲሆን በኋላ በኩል በማጠፊያ ተይዞ በፊት በኩል ወደ ላይ ይነሣል። በክዳኑና በመኪናዋ መካከል የድንኳን ሸራ ይዘረጋል፤ እላይም ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ አለ። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ የሚያቆመው የብረት ዘንግ ነበረው፤ ዘንጉ ተዘርግቶ ሲቆለፍ ክዳኑ መውረጃ የለውም። የእኛዋን መኪና መቆለፊያ ግን ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ሰብሮት ነበርና ክዳኑን የምናቆመው በእንጨት ነበር።

በዚህ አገር ብዙ ባለመኪናዎች ክዳኑን ለማቅለል የጋዝ ምርኩዝ ይገጥማሉ። የጋዝ ምርኩዝ ያልነው፣ የመኪና የኋላ በር ወደ ላይ ሲከፈት ገፍቶ የሚያነሣውን፣ ከተነሣም በኋላ እንዳይወድቅ የሚይዘውን ጥቁር ዘንግ ነው። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፤ የአገር ቤት መካኒኮች የተሻለ ካላቸው እንማራለን። በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ ይኖራል። ጥቂት ዘይትም አለበት፤ ዘይቱ የፒስቶኑን እንቅስቃሴ ያለዝባል፣ ጋዙ እንዳያፈተልክ የሚከላከለውንም ጎማ ያርሳል። ምርኩዙ በአብዛኛው ዘንጉ ወደ ታች ተዘቅዝቆ የሚገጠመው ስለዚህ ነው። የሚገፋበት ኃይል በቱቦው ላይ በኒውተን ተጽፎ ይገኛል።

አዲስ መግዛት የሦስታችንን የሳምንት ምሳ የሚያስከፍል ሆነብን። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የአሮጌ መኪናዎች መፍቻ ግቢ ሄድን። የመርካቶን ሶማሌ ተራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ እንግድነት አይሰማውም። ከሁለት ልዩ ልዩ መኪናዎች ላይ 500 ኒውተን የሚል የተጻፈባቸውን ሁለት ምርኩዞች ፈትተን፣ ለሁለቱም የዳቦና የቡና ያህል ከፍለን ተመለስን። ሻጩ፣ «እንዳያችሁት ነው፤ ስለ ጉልበቱ አላውቅም» ብሎናል።

ከመካከላችን ምሕንድስና የሚማረው ወንድማችን ሒሳቡን ሠራ። የክዳኑን የፊት ጠርዝ በመታጠቢያ ቤት ሚዛን ብንመዝነው 20 ኪሎ ሆነ። ምርኩዞቹ የሚገጠሙት ወደ ማጠፊያው ቀረብ ብለው ነው፤ ከማጠፊያው የሚርቁት የክዳኑን ርዝመት ሩብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ክዳኑን ለመያዝ አራት እጥፍ ማለትም 80 ኪሎ ያህል መግፋት አለባቸው። ሁለት ጊዜ 500 ኒውተን ከ100 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። 20 ኪሎ ትርፍ አለን ማለት ነው። ገጠምናቸው። ክዳኑ በአንድ እጅ ተነሣ፤ ቆመም። እንጨቱን ጣልነው፤ የመቆለፊያውም ነገር በዚያው ተረሳ።

በነሐሴ ወር ከማኅበራችን አንዲት እናት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቅ ዳር ለመሰንበት መኪናዋን ጠየቁን፤ በደስታ ሰጠናቸው። ልጆቹ ሁለት ሌሊት እላይ ተኝተው በሰላም ተመለሱ። እናታቸውም መረቁን፤ ዶሮ ወጥም ላኩልን።

በጥቅምት እኛ ራሳችን ወጣን። ሌሊቱ ውርጭ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ እላይ የተኛው ወንድማችን ሲጮኽ ሰማን። ክዳኑ ወርዶ፣ የረጠበው ሸራ በፊቱ ላይ ታጥፎበት፣ ክርኑን እንኳ ማንሣት አልቻለም ነበር። ከታች ገፍተን አወጣነው። በግንባሩ ላይ ከነበረው ትንሽ ጭረት በቀር ጉዳት አላገኘውም።

ከዚያ በኋላ ነው አስቀድመን ማድረግ የነበረብንን ያደረግነው። ምርኩዙን ፈትቶ፣ ዘንጉን ሚዛን ላይ አቁሞ፣ ከላይ መጫን ነው። ዘንጉ መግባት ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የምርኩዙ ጉልበት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንደኛው 48 ኪሎ፣ ሁለተኛው 39 ኪሎ አሳየን፤ ድምሩ 87። ይህም በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ነው። የታመቀ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳልና በ0 ዲግሪ ከመቶ 7 ያህል ይቀንሳል፤ 87ቱ 81 ይሆናል። በክዳኑና በሸራው ላይ ጤዛና ውርጭ ሲጨመርበት ያቺ የቀረችው አንዲት ኪሎም አለቀች። በዚያ ላይ አንዱ ወገን በ48፣ ሌላው በ39 ሲገፋ ክዳኑ ይጣመማል፤ ብርቱና ደካማ በሬ ጠምዶ ያረሰ ገበሬ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። 500 የሚለው ጽሑፍ ውሸት አልነበረም። ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት እውነት ነበረ።

እንግዲህ ያከራከረን ይህ ነው። እኒያ እናትና ልጆቻቸው ምንም አልደረሰባቸውም። ሄደን ልንነግራቸው ይገባን ነበርን?

ከሦስታችን አንዱ እንዲህ አለ፦ «በደል የሚባለው ተበዳይ ሲኖር ነው። ልጆቹ ተኝተው በሰላም ተነሥተዋል። አሁን ብንነግራቸው በደስታ ባለፈ ሌሊት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው። ምርኩዙን እንለውጥ፣ መቆለፊያውን እናሠራ፣ ይበቃል።» ይህ አነጋገር የሚናቅ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ይቅርታ የምንጠይቀው የራሳችንን ልብ ለማቅለል ብለን በሌላው ላይ ሸክም ለመጫን ነውና።

ሁለተኛው ወንድማችን በ1976 እ.ኤ.አ. በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ናጌል የተባሉ ፈላስፎች ስለ ሞራል ዕድል የጻፉትን አነሣ። ናጌል በምሳሌው ፍሬኑን በጊዜው ሳያስመረምር ስለ ቀረ የጭነት መኪና ነጂ ያወራል። ድንገት ሕፃን መንገድ ውስጥ ገብቶ ቢገጨው ያ ነጂ ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲወቅስ ይኖራል። ሕፃኑ ባይገባ ኖሮ ያው ሰው፣ በዚያው ፍሬን፣ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ይተኛ ነበር። ቸልተኛነቱ በሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሕፃኑ መግባት ነው፤ እሱን ደግሞ ነጂው አላዘዘውም።

እኛም ራሳችንን በዚያ ነጂ ወንበር ላይ ተቀምጠን አገኘነው። በነሐሴና በጥቅምት መካከል አንዳችም የተለወጠ የእኛ ሥራ የለም። የተለወጠው አየሩ ነው። ልጆቹን የጠበቃቸው የነሐሴ ሙቀት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሊላክልን አይገባም ነበር።

እዚህ ላይ፣ «አሮጌ ዕቃ መጠቀም ነውር ነው ልትሉን ነው?» የሚል አይጠፋም። አንልም። እኛ በሰልባጅ ልብስ ያደግን ልጆች ነን። ከአንዱ ሞተር፣ ከሌላው በር እየተወሰደ የተገጣጠመ ስንት መኪና ስንት ቤተሰብ እንዳስተዳደረም እናውቃለን። የሚያገለግል ዕቃ መጣልም ጥፋት ነው። የከበደን ሌላ ነው። አሮጌውን በመግዛታችን የተረፈው ገንዘብ በእኛ ኪስ ቀረ፤ አደጋው ግን እላይ ወደሚተኛው ሰው ሄደ። እኛ ብቻ የምንተኛበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ የድፍረት ጉዳይ በሆነ ነበር፤ ደፋር ደግሞ በራሱ ይደፍራል። እኛ ግን ሳንጠይቃቸው በሌላ ሰው ልጆች ደፈርን።

የተኛ ሰውስ ከማንም ይልቅ በሌላው እጅ ያለ አይደለምን? የነቃ ሰው ክዳኑ ዝቅ ሲል ያያል፣ ይሸሻል። ሕፃን ግን እናቱ «ተኛ» ስላሉት ይተኛል፤ እናቱ ያስተኙት እኛ «ደኅና ነው» ስላልናቸው ነው፤ እኛ ደኅና ነው ያልነው 500 የሚል ጽሑፍ ስላየን ነው። የእነዚያ ልጆች እንቅልፍ ማንም ባልመዘነው ቁጥር ላይ ያረፈ ነበር።

«ጥፋተኛው ሻጩ ነው» ያለም ነበር ባለፈው እሑድ። ሻጩ የማያውቀውን አላውቅም ብሏል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካለነው ሰዎች በንግግሩ የተጠነቀቀ እሱ ሳይሆን አይቀርም። እኛም አላወቅንም፤ እውነት ነው። ያላወቅነው ግን ስላልጠየቅን ነው። ያልጠየቅነውም፣ እዚህ ላይ ሳንሸሽግ እንናገር፣ መልሱ «አዲስ ግዙ» እንዳይለን ሰግተን ነው። ሚዛኑ እኮ በእጃችን ነበር! ክዳኑን መዝነንበታል።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለት ለአንድ ሆነን ለመናገር ወሰንን፤ ያልተስማማውም ወንድማችን አብሮን ሄደ። እሳቸውም ቡና ሊያፈሉልን ሲነሡ፣ «ይቀመጡ እትዬ፣ አስቀድሞ የምንነግርዎ ነገር አለ» አልናቸው። ሁሉንም ከነቁጥሩ ነገርናቸው። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጆቼ፣ ትንሿ የተኛችው በየትኛው ወገን ነበር? በደካማው ነው በጠንካራው?» ብለው ጠየቁን። ምርኩዞቹን ስንፈታ የግራና የቀኙን አልለየንም ነበርና ልንመልስላቸው አልቻልንም። ቡናውን አፈሉልን፤ ጨዋታ ግን አልነበረም። መንገድ ላይ ያ ወንድማችን፣ «አላልኳችሁም?» አለን። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚለው፤ ባለፈው እሑድ የሰማችሁት የእሱን ድምፅ ነው።

መቆለፊያውን አሠርተናል። ምርኩዞቹንም በአዲስ ጥንድ ለውጠናል፤ ሥራቸው ክዳኑን ማቅለል ብቻ ሆኗል፣ የሚይዘው ዘንጉ ነው። የመዘንበትን ቀንና ቁጥር በቱቦዎቹ ላይ ጽፈን ለጥፈናል። አሮጌዎቹን ወደ መፍቻው ግቢ መለስናቸው፤ የታመቀ ጋዝ ያለበት ዕቃ አይበሳም፣ እሳት ውስጥም አይጣልም። በመለስናቸው ጊዜ 48 እና 39 ብለን ጽፈንባቸው ነበር፤ ሻጩ አይቶ ሳቀ፣ ግን አላጠፋውም።

በግንቦት እኒያ እናት መኪናዋን እንደገና ጠየቁን። ቁልፉን ስናስረክባቸው ክዳኑን ራሳቸው አነሡት፤ ዘንጉን በገዛ እጃቸው ሁለት ጊዜ ቆልፈው፣ ሁለት ጊዜ ከፍተው አዩ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው አሳፈሯቸው።