አዝራሩን መጫን፦ ማስረጃው ስላልታየ ግዴታ

አንድ ሰው ምክንያቱ ያልተገለጠለትን፣ ፍሬውንም በዓይኑ ያላየውን ሥራ ከሌላ ሰው እጅ ተረክቦ ሲቀጥል ከቆየ በኋላ ሥራውን የመተው መብት የሚኖረው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ፣ በነገረ መለኮትም ሆነ በፍልስፍና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ጥያቄው የሚመረምረው የሚታመነው ነገር እውነት መሆኑን ወይም ሐሰት መሆኑን ሳይሆን፣ እውነትነቱ ገና ባልታወቀበት ጊዜ አማኙም ተጠራጣሪውም ሊኖራቸው የሚገባውን ጠባይ ነው። በዘመናችን ይህን ጥያቄ ለብዙኃን ተመልካች ካቀረቡ ሥራዎች መካከል፣ ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 ያሳየው «ሎስት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የሁለተኛው ምዕራፍ መዝጊያ የተለየ ስፍራ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2006 የታየውን ይህን ክፍል የጻፉት ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪዩዝ ሲሆኑ፣ ያዘጋጀው ጃክ ቤንደር ነው።

የድራማው መነሻ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር በአንድ የፓስፊክ ደሴት ላይ ተሰባብሮ የወደቀ አውሮፕላን ነው። ከአደጋው የተረፉት ሰዎች በጫካው ውስጥ ወደ ምድር ጥልቅ የሚወስድ የብረት መዝጊያ አግኝተው በፈንጂ ሲከፍቱት፣ ከሥሩ ዳርማ በተባለ የምርምር ድርጅት የተሠራ ስዋን የሚሉት ጣቢያ፣ በውስጡም ዴዝሞንድ ሂዩም የተባለ ስኮትላንዳዊ ይገኛል። ዴዝሞንድ በጣቢያው ሦስት ዓመት ያህል ሲኖር ያለ ማቋረጥ ያከናወነው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በየ108 ደቂቃው፣ ማለትም በቀን ከ13 ጊዜ በላይ፣ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23 እና 42 የሚሉትን ቁጥሮች በአሮጌ ኮምፒዩተር አስገብቶ አዝራሩን መጫን። ይህ ካልተደረገ ታላቅ ጥፋት ይመጣል ተብሏል። ይህን የሚናገረው ግን ለአዲስ ገቢዎች ማስተማሪያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቁራጩ የጎደለ አሮጌ ፊልም ነው፤ ትእዛዙን የሰጡት ሰዎች በስፍራው የሉም፣ ተጠይቀው ሊመልሱም አይችሉም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ባቀረበው ድርሰቱ፣ ማስረጃ ሳይሟላ መወሰን ተገቢ የሚሆንበትን ምርጫ በሦስት ባሕርያት ለይቶታል። ምርጫው ሕያው መሆን አለበት፣ ይህም ሁለቱም አማራጮች ለመራጩ በእውነት የሚታሰቡ መሆናቸው ነው፤ ግድ መሆን አለበት፣ ይህም ከሁለቱ ውጭ ቆሞ መጠበቅ የማይቻል መሆኑ ነው፤ ታላቅም መሆን አለበት፣ ይህም ውጤቱ ቀላል ያልሆነና በቀላሉ የማይመለስ መሆኑ ነው። በጣቢያው ውስጥ ያለው ሰዓት ሦስቱንም ያሟላል። በተለይ «ግድ» የሚለው ባሕርይ በዚህ ድራማ እንደታየው ጎልቶ የታየበት ሥራ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ሲቆጥር ፍርዱን አዘግይቶ ማሰላሰል የፈለገ ሰው፣ በማሰላሰሉ ብቻ ላለመጫን ወስኗልና።

ተመልካቹ በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚያስበው የፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅና አማኝ የብሌዝ ፓስካልን ሙግት ነው። ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1662 ካረፈ በኋላ በ1670 በታተመው የሐሳቦቹ ስብስብ ውስጥ፣ ስለ እግዚአብሔር መኖር በአእምሮ ብቻ ማረጋገጫ ለማይሰጠው ሰው፣ ካመነና ከተሳሳተ የሚያጣው ጥቂት፣ ካመነና ልክ ከሆነ ግን የሚያገኘው ወሰን የለሽ መሆኑን አስልቶ አሳይቷል። አዝራሩን መጫንም ድካምና የእንቅልፍ እጦት ያስከፍላል፣ አለመጫን ግን ዓለምን ሊያስከፍል ይችላል። ሆኖም የሁለቱ መመሳሰል ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። የፓስካል ሰው የሚያስይዘው የራሱን ነፍስ ነው፤ በጣቢያው ያለው ሰው ግን ያላማከራቸውን፣ በባሕሩ ዳርቻ ተኝተው ያሉትን የሌሎችን ሕይወት ያስይዛል። ስለዚህ ነገሩ የጥቅም ስሌት መሆኑ ቀርቶ የአደራ ጉዳይ ይሆናል፤ በዚህም የድራማው ጥያቄ ከፓስካል ይልቅ ከባድ ነው።

በፓስካል ላይ የሚነሣው የታወቀ ተቃውሞ ግን እዚህም በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ታላቅ ጥፋትን የሚያስፈራራ ሁሉ እንዲታዘዙለት የሚያደርግ ከሆነ፣ ማንም አታላይ ከሌላው የከፋ ጥፋት እየፈጠረ ሰዎችን ባሪያ ሊያደርግ ይችላልና። ለዚህ መልሱ ያለው በድራማው ትንንሽ ዝርዝሮች ውስጥ ነው። ጣቢያው ማንም በቀላሉ በማይሠራው የኮንክሪት ግንብ የታጠረ ነው፤ የሳይንስ ሰው የሆነው ሐኪሙ ጃክ በግንቡ አጠገብ ሲያልፍ በአንገቱ ያንጠለጠለው ቁልፍ በማይታይ ኃይል ተስቦ ወደ ግድግዳው ተነሥቷል። ከግድግዳው በስተጀርባ ኃያል መግነጢስ እንዳለ የሚያመለክት ምልክት በግልጥ ነበረ ማለት ነው። ምልክቱ የፊልሙን ቃል ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም፣ ከባዶ ማስፈራሪያ ግን ይለየዋል።

የዚህ ሁሉ ማዕከል የሆነው ሰው ጆን ሎክ ነው። ሎክ ከአደጋው በፊት እግሮቹ የማይታዘዙለት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር፤ አውሮፕላኑ በወደቀበት ቀን ተነሥቶ ሄዷል። ይህን የመሰለ ነገር የደረሰበት ሰው ደሴቲቱ ለአንድ ነገር መርጣኛለች ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በአንደኛው ምዕራፍ ሎክ፣ ቡን የተባለው ወጣት ጓደኛው በሞተበት ሌሊት፣ የብረት መዝጊያውን በእጁ እየደበደበ ሲያለቅስ ከውስጥ ብርሃን ይበራል፤ ሎክም ብርሃኑን ለራሱ እንደ ተሰጠ መልስ ይቀበለዋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ፣ ገጸ ባሕርዩ ስሙን የወሰደበት ሰው፣ ስለ ሰው አእምሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ አራተኛ ኅትመት ላይ እ.ኤ.አ. በ1700 አንድ ምዕራፍ ጨምሮ ነበር፤ በዚያም ሰዎች የስሜታቸውን ብርታት እንደ መለኮታዊ መገለጥ ማስረጃ መቁጠራቸውን በጽኑ ተችቷል። አንድ ነገር ከእግዚአብሔር መጣ የሚባለው አጥብቄ ስላመንኩት ከሆነ፣ አጥብቄ ያመንኩትም ከእግዚአብሔር ስለመጣ ከሆነ፣ አስተሳሰቡ ራሱን በራሱ እየዞረ ከማረጋገጥ አልፎ እንደማይሄድ አሳይቷል። የደሴቲቱ ሎክ እምነት ይህንኑ ዙሪያ የሚዞር ነው። የእምነቱ ማዕከል አዝራሩ ወይም አዝራሩ የሚጠብቃቸው ሰዎች አይደሉም፤ የተመረጠ ሰው መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው እምነት ሲወድቅ ወደ ልከኛ ጥርጣሬ አይወርድም። አዝራሩን የመጫን ሥራ ከዴዝሞንድ የተረከበው ሎክ የተሰበረው በሁለት ምት ነው። መጀመሪያ በጣቢያው የታሰረ አንድ እስረኛ፣ ሎክ እግሩ ተይዞ ሳለ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ሄዶ እንደ ነበርና ቁጥሮቹን እንዳላስገባ፣ ምንም እንዳልተፈጠረም ይነግረዋል። ቀጥሎ ሎክና ሚስተር ኤኮ የተባለው ናይጄሪያዊ ፐርል የሚሉትን ሌላ ጣቢያ ያገኛሉ፤ በዚያ ያለው ፊልም በስዋን የሚሠራው ሁሉ የሥነ ልቦና ሙከራ መሆኑን፣ የፐርል ሰዎችም የስዋንን ነዋሪዎች በስክሪን እየተመለከቱ በደብተር እንዲመዘግቡ መመደባቸውን ይናገራል። አንዱ ፊልም ሌላውን ሲክድ፣ ሁለቱም ከአንድ ድርጅት ሲወጡ፣ ሎክ ሁለተኛውን ለማመን ከመጀመሪያው የበለጠ ምክንያት አልነበረውም። ያመነው ግን ወዲያውኑ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ ተሞኝቼ ኖሬአለሁ ከሚለው የልብ ቁስሉ ጋር ተስማማ። ተመልካቹ በዚሁ መዝጊያ ክፍል፣ የፐርል ደብተሮች በቱቦ ተልከው የሚደርሱበት ስፍራ ማንም የማያነባቸው የተቆለለ ክምር በሜዳ ላይ ሆኖ ያያል፤ የፐርል ተመልካቾች ራሳቸው ሙከራ የሚደረግባቸው ነበሩ። ሎክ ይህን አላየም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊሊያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር በጻፈው ድርሰት፣ መርከቡ ማርጀቱን እየጠረጠረ ጥርጣሬውን አፍኖ ስደተኞችን አሳፍሮ የላከ አንድ ባለ መርከብ አቅርቧል። መርከቡ ሲሰጥም ሰውየው በደለኛ ነው፤ የክሊፎርድ ብርቱ ነጥብ ግን መርከቡ በሰላም ቢደርስም ሰውየው በዚያው ልክ በደለኛ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የተፈጸመው መብት የሌለውን እምነት በያዘበት ሰዓት ነው። ይህ ሙግት ዘወትር የሚጠቀሰው በሃይማኖተኞች ላይ ነው። ነገር ግን «ምንም አይፈጠርም» የሚለውም እምነት ነው፣ እርሱም ሌሎች ሰዎችን ያሳፈረ መርከብ ነው። ሎክ ኤኮን ከኮምፒዩተሩ ክፍል አስወጥቶ በሩን ሲዘጋ ሊፈትን የፈለገው እውነትን ቢሆን ኖሮ በባሕር ዳርቻ ያሉትን ሰዎች አስቀድሞ ባስጠነቀቀ ነበር። እርሱ የፈለገው እንዳልተሳሳተ ማየት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ ምንም ባይፈጠር እንኳ ሎክ በደለኛ ነበር፤ በኋላ የመጣው ፍንዳታ በደሉን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነው ነገር ይህን ያጠነክራል። ዴዝሞንድ የሎክ ተባባሪ ሆኖ ገብቶ ሳለ፣ ሎክ ከፐርል ይዞት የመጣውን የኮምፒዩተር ሕትመት ሲያገላብጥ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 ሥርዓቱ እንደከሸፈ የሚያሳይ መስመር ያገኛል። በዚያ ቀን ዴዝሞንድ ከባልደረባው ከኬልቪን ጋር ተጣልቶ፣ ኬልቪንም ሞቶ፣ ቁጥሮቹን ዘግይቶ አስገብቶ ነበር፤ አውሮፕላኑም የወደቀው በዚያው ቀን ነው። አዝራሩ ከንቱ መሆኑን እንዲያረጋግጥ የመጣው ወረቀት ከንቱ አለመሆኑን አረጋገጠ። ስሙን ከዴቪድ ሂዩም የወረሰው ሰው እምነቱን በማስረጃው ልክ ሲለውጥ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ፈላስፋው ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ሰው ማስተዋል ባሳተመው መጽሐፍ ከአስተዋይ ሰው የጠየቀው ይህንኑ ነውና። ሎክ ግን ኮምፒዩተሩን አንሥቶ ሰበረው። እምነት በማስረጃ ላይ ታውራለች ተብሎ ሲነገር የኖረው ነገር በዚህ ስፍራ በአለማመን ላይ ይታያል።

ኤኮ ከሎክ የሚለየው የት ላይ ነው? ኤኮ የቀድሞ ሽፍታና አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ሆኖ፣ ካህን የነበረው ወንድሙ የሚ ከሞተ በኋላ የተለወጠ ሰው ነው። የጎደለውን የፊልም ቁራጭ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያገኘው እርሱ ነው፤ ለሎክ ሲያስረክበውም በቤተ መቅደስ የጠፋው የሕግ መጽሐፍ የተገኘለትን የንጉሥ ኢዮስያስን ታሪክ ተርኮለታል። የፐርልን ፊልም አብሮት አይቶ ሎክ ሲወድቅ ኤኮ ሥራውን ይበልጥ የተቀደሰ አድርጎ ያዘው። ምርጥ ነኝ አላለም፤ ሥራው ይሠራ አለ እንጂ። ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ስንክሳር፣ ማለትም በየዕለቱ የሚነበበው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ በጥቅምት 20 የሚያስበው አባ ዮሐንስ ሐጺር በግብፅ የአስቄጥስ ገዳም መምህሩ የተከለለትን ደረቅ በትር እንዲያጠጣ ታዝዞ፣ ውኃው ሩቅ ሳለ ሦስት ዓመት ያለ ማቋረጥ አጠጣ፤ በትሩም ለምልሞ አፈራ፣ መምህሩም ፍሬውን ለመነኮሳቱ የመታዘዝ ፍሬ ብሎ ሰጣቸው። ቅዱሱ በትሩ ይለመልማል ብሎ አልተወራረደም፤ የእርሱ ድርሻ ውኃውን መቅዳት ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። አባ ዮሐንስ የታዘዘው አብሮት ለሚኖር፣ ለሚያውቀውና ለሚወደው መምህር ነው፤ በመታዘዙም የሚደክመው ራሱ ብቻ ነው። የዳርማ ድርጅት ግን ሠራተኞቹን እርስ በርሳቸው ያሳሳተ፣ ለአንዱ እውነቱን ለሌላው ሐሰቱን የነገረ የማይታይ አዛዥ ነው፤ እንዲህ ላለው አዛዥ ልብን መስጠት አይገባም። ኤኮ ልክ የሆነው ለድርጅቱ ስለታመነ ሳይሆን፣ አዝራሩ ሊጠብቃቸው ለሚችላቸው ሰዎች ስለታመነ ነው። እርሱም ቢሆን ነቀፋ የለበትም አይባልም፤ የተዘጋውን በር ለመስበር ድማሚት ሲያፈነዳ ራሱንም አብሮት የነበረውን ቻርሊ የተባለውን ሰውም ጎድቷልና፣ በአደራ ላይ ያለ ቅንዓት እንኳ በቅርብ ያለውን ሰው ሊዘነጋ ይችላል።

በክፍሉ ላይ ሊቀርብ የሚገባ አንድ ብርቱ ትችት አለ፤ ደራሲዎቹ ጥያቄውን በፍንዳታ መልሰውታል። ሰማዩ ሐምራዊ ሆኖ ሲያበራ ኤኮ ረታ፣ ሎክም መሳሳቱን በአፉ መሰከረ። ተመልካች አዝራሩን መጫን ተገቢ የነበረው በእርግጥ ስለሠራ ነው ብሎ ቢወጣ የክፍሉን የተሻለ ክፍል አጥቶታል። የተሻለው ክፍል በዴዝሞንድ ነው ያለው። ዴዝሞንድ ለሞቱ ጊዜ ያቆየውን የዲከንስ ልብ ወለድ ከፍቶ የወዳጁን የፔኔሎፔን ደብዳቤ ባገኘበት፣ ተስፋ ቆርጦ ሊሞት በተቃረበበት ሌሊት፣ አንድ ሰው ከላይ መዝጊያውን ሲደበድብ ሰማ፤ መብራቱንም አበራ። ሎክ እንደ መለኮታዊ ምላሽ የተቀበለው ብርሃን ያ ነው፤ ዴዝሞንድን ከሞት የመለሰውም የሎክ ድብደባ ነው። ሁለቱም ምልክት አዩ፣ ሁለቱም ምልክቱን በሰጠው ሰው ልብ ውስጥ የነበረውን አላወቁም። ሎክ ምልክቱን ስለ ራሱ ታላቅነት አነበበው፣ ሳይፈጸም ሲቀርም ጠላው። ዴዝሞንድ ግን ኮምፒዩተሩ ከተሰበረ በኋላ፣ ኬልቪን ያወረሰውን የመጨረሻ ቁልፍ ይዞ ወደ ጣቢያው ሥር ሲወርድ፣ ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ከሌላ ሰው በሰማው ቃል ብቻ ነበር፣ የሚያስይዘውም የራሱን ሕይወት ነበር፤ ወረቀቱ ያሳየውን ያህል አምኖ፣ ወረቀቱ ያላሳየውን ቀሪ በራሱ ላይ ወስዶ ቁልፉን አዞረ።