መንጋጋም እንደ ፊት ጥርስ ነው

 

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት መልስ ቡናው ፈልቶ የገብስ ቆሎው ሲዞር እናታችሁን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ ባለው ደጋ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቆሎው እሷ ጋ ሲደርስ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ብላ ታሳልፈዋለች። ጠግባ አይደለም። የምታኝክበት መንጋጋ የላትም።

እኛስ አንድ የፊት ጥርስ ቢወልቅብን? ስንስቅ አፋችንን በእጃችን እንሸፍናለን፣ ፎቶ እንሸሻለን፣ ዐረብ አገር ላለችው እህታችን ደውለን «ጥርስ ላስተክል፣ ብር ላኪልኝ» እንላለን። ግን ጥርስ ማስተከል በዲናችን እንዴት ይታያል? ከተፈቀደስ ማን ይቅደም?

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ኢምፕላንት የሚባለው ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ ብሎን ነው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይቀበራል፣ አጥንቱ አጥብቆ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ጥርስ የሚመስለው ክፍል ይገጠማል። የስዊድኑ ተመራማሪ ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል ላይ ሲሠራ ነበር። በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ። ያ ሰው በተተከለለት ጥርስ ከ40 ዓመት በላይ ተገልግሎበታል። ሱብሓነላህ! አላህ አጥንታችንን ባዕድ ብረት ተቀብሎ እንዲያቅፍ አድርጎ ፈጥሮታል።

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ሰሓባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ውጊያ አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። ከብር ቢያሠራ ሸተተበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ልብ በሉ፣ ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ ነው! ዑለማዎች ከዚህ ተነሥተው የጎደለ አካልን መተካት፣ የተነቃነቀ ጥርስንም በወርቅ ማሰር እንደሚፈቀድ ተናገሩ። በሌላ በኩል ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ለውበት ብለው ጤነኛ ጥርሳቸውን የሚያስሞርዱና ክፍተት የሚያስወጡ፣ እንዲሁም የሚነቀሱ ተወግዘዋል። እኛ አገርም ድድ መነቀስ የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የጎደለውን መመለስ ጥገና ነው፣ ጤነኛውን መነካካት ግን የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው። ስለዚህ የፊት ጥርሱ ወልቆበት የሚያፍር ወጣት «ለታይታ ነው» ተብሎ አይወቀስ። ኀፍረቱም ሕመም ነው።

አሁን ግን ልብን የሚነካውን ስሙ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የፊት ጥርስና መንጋጋ እኩል መሆናቸውን አስተምረዋል። የሰው ጥርስ የሰበረ ለእያንዳንዱ ጥርስ ካሣው አምስት ግመል ነው፤ የሚታይም ይሁን የማይታይ። እኛ የምናለቅሰው ሰው ለሚያየው ጥርስ ብቻ ነው። ሸሪዓው ግን በጉንጭ ውስጥ ተደብቆ ለሚፈጨውም ያንኑ ዋጋ ሰጠው።

ታዲያ እህታችሁ በሰው ቤት ላብ ያፈሰሰችበት ብር ሲመጣ፣ የእናንተ አንድ የፊት ጥርስና የእናታችሁ ባዶ መንጋጋ በአንድ ሚዛን ላይ አሉ። የእናንተ ጉድለት በመስታወት ይታያል፤ የእሷን የሚያየው ቆሎውን ስታሳልፍ ያስተዋለ ብቻ ነው። ብሩ ለሁለታችሁ ካልበቃ ኢምፕላንት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ከጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚታሰርም፣ ወልቆ የሚታጠብ ሰው ሠራሽ ጥርስም አለ። ወልቆ የሚታጠበው በአብዛኛው ከኢምፕላንት ይረክሳል። ለወራት ደሴ ወይም አዲስ አበባ መመላለስ ለሚከብዳት እናት ምናልባት እሱ ይሻላታል።

ኢምፕላንት ለማስተከል የወሰናችሁም ሐኪሙን ጠይቁ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ሲጋራና የድድ በሽታ ተከላውን ሊያከሽፉ ይችላሉ። አጥንት መጨመር ካስፈለገ ከምን እንደተሠራ እወቁ፤ ከአሳማ የሚዘጋጅ አለና፣ ሌላ አማራጭም አለ። ከተተከለ በኋላም ድዱ ሊታመም ስለሚችል መፋቂያው አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ያለንን እንጠብቅ። ሲዋክ ሱና ነው። ሕፃናትንም «ግግ ነው» ብለን ድዳቸውን አናስቆርጥ። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ ሊበላሽ ይችላል። ጥርስ አማና ነው።

ዛሬ ቆሎው ሲዞር እናታችሁ «ጠግቤያለሁ» ስትል ዝም ብላችሁ አትለፉ። ቀረብ ብላችሁ «እማ፣ የትኛው ጥርስሽ ነው የሚያስቸግርሽ?» በሏት። ምናልባት በዕድሜዋ ይህን የጠየቃት ሰው የለም።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ ለወላጆቻችንም የምናዝን ያድርገን። አሚን።