የዝምድና ሒሳብ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ጉድጓድ ምሳ የምትኖር ‘የቤልዲንግ ግራውንድ ስኩዊረል’ የምትባል ትንሽ እንስሳ አለች። አውሬ ሲመጣ አንዳንዶቹ ጮኸው ሌሎቹን ያስጠነቅቃሉ። የጮኸችው ግን ራሷን ታጋልጣለች፤ አውሬው ወደ እርሷ ሊዞር ይችላል። ፖል ሸርማን የተባለ ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በብዛት የሚጮኹት እናት፣ እህት ወይም ልጅ በአቅራቢያቸው ያላቸው ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ አድገው ከተወለዱበት ርቀው ስለሚሰፍሩ አጠገባቸው ዘመድ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ዝም ይላሉ። (ከአገሩ ርቆ ከተማ የገባ ሰው ይህን ሲያነብ ትንሽ ሳይከነክነው አይቀርም፤ እኔን ከንክኖኛል።)

የዚህን ነገር ሒሳብ ቀደም ብሎ በ1964 ያወጣው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሐሚልተን ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች በአማካይ የዘር ውርሳቸውን ግማሽ ይጋራሉ፤ አጎትና የወንድም ልጅ ሩቡን፣ የአጎት ልጆች ደግሞ አንድ ስምንተኛውን። ዘመድ የሚያገኘው ጥቅም በዚህ ድርሻ ተባዝቶ ረጂው ከሚከፍለው ዋጋ ከበለጠ፣ ያ ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊስፋፋ ይችላል። እንስሳዋ ግን ቁጭ ብላ አታሰላም፤ ትጮኻለች እንጂ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ‘እዝነትን ወደ ሒሳብ አወረዱት’ ብለው ይቆጣሉ። እኔ አልቆጣም። እንስሳ ልጇን እንዳትረግጥ ኮቴዋን የምታነሳው አላህ (ሱ.ወ.) ወደ ምድር ባወረዳት እዝነት መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። እዝነቱ በምን መንገድ እንደሚሠራ መመርመር ለምን ያስፈራናል? እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

በሐሚልተን ሒሳብ ታላቅ ወንድሜ ግማሼን ይጋራኛል። በአባታችን ቤት ውርስ ከተጣላን ግን ሁለት ዓመት አለፈን፤ ለዒድ እንኳ አልተጠያየቅንም። ‘እሱ ነው የቆረጠኝ፤ ምን ላድርግ?’ እል ነበር። ዝምድናን ቀጣይ የሚባለው ለተደረገለት ውለታ የሚመልሰው ሳይሆን ዘመዱ ሲቆርጠው የሚቀጥለው መሆኑን የሚያስተምረውን ሐዲስ ግን ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ነግሬያለሁ!

መዲና ላይ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ከመካ ለተሰደደው ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው ጠየቀው። ግማሽ! የአንድ እናት ልጆች አልነበሩም፤ ያስተሳሰራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሙሃጅሮችና በአንሷሮች መካከል የመሠረቱት ወንድማማችነት ነበር። ዐብዱረሕማን ዱዓ አደረገለትና ገበያውን እንዲያሳየው ብቻ ለመነው። እኔና ወንድሜ አንድ ቤት መካፈል አቃተን።

ይህን ጽሑፍ ሳልጨርስ ስልክ ደወልኩለት። ያነሳችው ልጁ ነበረች፤ ‘ማን ልበል?’ አለችኝ። አጎቷ መሆኔን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና ‘አባዬ መስጊድ ሄዷል’ አለች። ከመግሪብ በኋላ እንደገና እደውላለሁ፤ ኢንሻአላህ።