ያረረው ድስት የማን ነው?

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ፣ ለንደን አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ቶናው ላይ ስንደርስ ልጃቸውና ምራታቸው ከካሌ ተመልሰው ገቡ። ካፖርታቸው የጭስና የእርጥብ እንጨት ሽታ ይዟል። እሷ ነርስ ናት፤ እሱ አውቶቡስ ይነዳል። በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ሌሊት ተነስተው ወደ ዶቨር ይሄዳሉ፤ መኪናቸውን መርከብ ላይ ጭነው ፈረንሳይ ይሻገራሉ። እዚያ ለስደተኞች የተለገሰ ጫማ በቁጥር ይለያሉ፣ ብርድ ልብስ ያድላሉ፣ ስደተኞቹ ስልካቸውን ቻርጅ እንዲያደርጉ ጄኔሬተር ያስነሳሉ። ከሁሉ በላይ ግን አማርኛና ትግርኛ ያውቃሉ። በባዕድ አገር ብርድ ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋው «እንዴት አደርክ?» የተባለ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚሆን እሷ ስትነግረኝ ድምጿ ይሰበራል።

የካሌው ትልቁ ሰፈር፣ «ጫካው» ይሉት የነበረው፣ በ2016 ጥቅምት ፈርሷል (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የእኛ ልጆችና ኤርትራውያን ከጣውላና ከላስቲክ የሠሩት ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ የለም። ሰው ግን አለ። በየቁጥቋጦው ያድራል፤ ፖሊስ በየጊዜው ድንኳኑን ያነሳበታል፤ እሱም መልሶ ይተክላል።

ያን እሑድ የባልና ሚስቱ የስምንት ዓመት ልጅ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። ከማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዟት፣ አክስቴ ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ ሲያብሱ ነው ያደሩት። አክስቴ ልጃቸውን አላዩትም። ምራታቸውን ቀና ብለው አዩና ስኒውን እያቀበሏት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አሉ። እሷ ስኒውን ተቀብላ አቀረቀረች። እኔ «እውነት ነው» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝ ያ መነቅነቄ ነው።

የተረቱን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔም ስንት ጊዜ ተርቼበታለሁ፤ የሰፈሩን ቧንቧ ሳያስጠግን ስለ አህጉር ልማት በሚያወራ ሹም ላይ፣ የእናቱን ስልክ ሳያነሳ ሰው ለማስታረቅ በሚሮጥ ሽማግሌ ላይ። ደግሞም ከተረቶቻችን ሁሉ ሽታ ያለው እሱ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያቁላላ ሰው ያውቀዋል፤ ሰዓት ሙሉ ቆመህበት፣ በር ተንኳኩቶ ዞር ያልክ ጊዜ ይይዛል። አንዴ ካረረ ቅቤውም በርበሬውም አይመልሰውም። ይህን የሚያህል እውነት በአራት ቃል መናገር የቻለ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሌሎች ባልና ሚስት ትዝ አሉኝ፤ የልጅ ልጃቸው ከኬን በርንስ ጋር በ2016 በሠራው ዘጋቢ ፊልም የማውቃቸው። ዌይትስቲል ሻርፕ ቦስተን አጠገብ ዌልስሊ ሂልስ ላይ የዩኒታሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ሚስቱ ማርታ በማኅበራዊ አገልግሎት የሠለጠነች ናት። በ1939 መጀመሪያ ላይ ጥያቄ መጣላቸው። ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ፕራግን ሞልተዋታል፤ ሄዶ የሚረዳ ይፈለጋል። ከእነሱ በፊት 17 ሰዎች ተጠይቀው እንቢ ብለዋል። ሻርፖች ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ወንዱ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ሴቷ ሁለት። ልጆቹን ለቤተ ክርስቲያኑ ወዳጆቻቸው አደራ ሰጥተው በየካቲት ፕራግ ገቡ። ወር ሳይሞላቸው፣ መጋቢት 15፣ በረዶ እየጣለ የጀርመን ጦር ከተማዋን ያዘ።

እዚያው ቆዩ። እሱ የሚሰደዱትን ሰዎች ገንዘብ ውጭ አገር እንዲደርስላቸው ያደርጋል፤ እሷ የሚፈለጉ ሰዎችን ታሸሻለች። ጌስታፖ ቢሯቸውን ከዘጋ በኋላም ቀጠሉ። በነሐሴ ከአውሮፓ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1940፣ ደግመው ልጆቹን ትተው ወደ ሊዝበን ሄዱ። ማርታ ደቡብ ፈረንሳይ ለተራቡ ሕፃናት ወተት አደረሰች።

በዚሁ ጊዜ ናዚዎች አጥብቀው ይፈልጉት የነበረው አይሁዳዊ ደራሲ ሊዮን ፎይሽትቫንገር ሊዝበን ደረሰ። ወደ አሜሪካ በሚሄደው መርከብ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም። ማርታ የራሷን ቦታ ለቀቀችለት። ባሏ ከደራሲው ጋር ተሳፈረ፤ እሷ ቀረች። በታኅሣሥ ከ20 የሚበልጡ ልጆች ከአውሮፓ ወጥተው አሜሪካ እንዲገቡ እስክታደርግ ድረስ ቆየች።

ያቺን የመርከብ ቦታ ከአእምሮዬ ማውጣት አቅቶኛል። ወደ ሁለት ልጆቿ የምትመልስ መንገድ ነበረች። ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ አንድ ሳምንት ዓመት ያህላል። ማርታ ግን መንገዷን አንስታ ለማታውቀው ሰው ሰጠች። የአክስቴን ተረት አምጥቼ ሊዝበን ወደብ ላይ ከማርታ ፊት አቆምኩት። ተረቱ እዚያ ምን እንደሚል አላጣሁትም፤ ለእሷ ለማለት ድፍረቱን ግን አጣሁ።

ተረቱ ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። የሻርፖች ትዳር በ1954 በፍቺ አበቃ። ልጅቷ አድጋ የዮርዳኖሷን ፔትራ ታላቅ ቤተ መቅደስ የቆፈረች የአርኪዮሎጂ ምሁር ሆናለች፤ ልጅነትን ግን ቆፍሮ የሚያወጣ የለም። ያለ እናትና አባት ያለፉትን ወራት ለልጆቹ ማንም አልመለሰላቸውም። የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ያድ ቫሼም በ2006 ባልና ሚስቱን ከአሕዛብ ጻድቃን ጋር ሲያከብራቸው (ከአሜሪካውያን ከእነሱ በፊት ይህ ክብር የደረሰው ቫሪያን ፍራይ ብቻ ነበር) ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም። ድስቱ አርሯል። ይህን ሳልቀበል ከተረቱ ጋር ልከራከር አልችልም።

ክርክሬ በሰዋስው ይጀምራል። አሮባት፣ ታማስላለች። ሹሙን ስንነቅፍበት እንኳ ያረረው የሴት ድስት ነው። አክስቴ ልጃቸውን ዘለው ምራታቸውን ያዩት ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ወደ እሷ መራቸው። ልጁም ካሌ ነበር። ልጅቷ የእሱም ልጅ ናት። በእሱ ላይ ግን ማንም ስኒ ሲያቀብለው አልተረተም።

ሁለተኛው ጠቤ «የሰው» ከሚለው ቃል ጋር ነው። እዚህ ቦታ «የሰው» ማለት የባዕድ፣ የማይመለከተን ማለት ነው። ግን ያው አማርኛ የሰውን ዘር ሁሉ «የሰው ልጅ» ብሎ ይጠራል። እናቶቻችን የጎረቤት ልጅ ስንመታ «የሰው ልጅ አይመታም!» ይሉን ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ማለታቸው ነበር፤ እኛ ግን ሁለቱንም ሰማን። ከቋንቋችን የምወደው ይህን ነው፤ ባዕዱንና የሰውን ዘር በአንድ ስም ይጠራል። ተረቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መረጠ።

ዋናው ነገር ግን ማማሰያው ነው። ባደግሁበት ሰፈር እናት «እስቲ ድስቷን እያት፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ትላለች፤ ጎረቤት ገብታ ታማስላለች። ያቺ ጎረቤት የምታማስለው የሰው ነው። ለእሷ ደግሞ ሌላ ቀን ሌላዋ ታማስልላታለች። ተረቱ ለአንድ ድስት አንድ አማሳይ ብቻ ያለ አስመሰለው። የዌልስሊ ሂልስ ሰዎች የሻርፕን ልጆች ሲያበሉ፣ ሲያስተኙ፣ እናታቸው መቼ እንደምትመጣ ሲጠየቁ መልስ ሲፈልጉ፣ የሰው ድስት እያማሰሉ ነበር። እነሱ ባይኖሩ ማርታ ከቤቷ ደጃፍ አትወጣም ነበር። ክብሩን ከማርታና ከዌይትስቲል ጋር ሊካፈሉ ይገባል የምለው እነሱን ነው።

አክስቴም ያን ሌሊት ፎጣ እያረጠቡ ያደሩት ካሌ ላለ የሰው ልጅ ጭምር ነው። ማንም ይህን አልነገራቸውም፤ ደክመው ብቻ ቀሩ፤ ድካማቸው በተረት ወጣ። እኔ ከእነሱ ቤት የ20 ደቂቃ መንገድ ላይ እኖራለሁ። ልጅቷን ትኩሳት እንደያዛት ያወቅሁት ቡና ልጠጣ ስመጣ ነው። እንግዲህ የልጅቷ ድስት ካረረ ያሳረረው ማን ነው? ባሕር ተሻግራ የሄደችው ብቻ ናት?

እኛም የሰው ማማሰያ ደርሶልናል። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኬንያ ውስጥ ኢሲዮሎና ታቬታ በስደተኛ ሰፈር ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ የራሷ ያረረባት ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የተሰደዱ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አስጠግታለች። ተረቱን በአገር ላይ ብንተርተው ኖሮ ጋምቤላ ላይ በር መዝጋት ነበረብን። አልዘጋንም። ከዚህ የበለጠ የምኮራበት ነገር ጥቂት ነው።

ስለ ማርታ ሻርፕ ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። ደውዬ ግን «በሚቀጥለው ልጅቷ እኔ ዘንድ ትደር» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ትኩሳት ቢይዛትስ?» አሉኝ። «እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው። «በጀ፤ ሽሮ ትወዳለች፣ በርበሬ አታብዛባት» አሉ። ባልና ሚስቱ የሚሄዱት ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ዓርብ ማታ ትመጣለች።